ሲ ማይነስ ያገኘሽበትን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስለ መድገም

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ባዮሎጂ የምታጠኚ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ደሴ እያለሽ ከክፍል አንደኛነትን የሚነጥቅሽ አልነበረም። ባለፈው ሴሚስተር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድ ሲ ማይነስ አገኘሽ። ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ። ጓደኛሽ «ከደገምሽው አሮጌው ይሰረዛል» ብላሻለች፤ አጎትሽ ደግሞ «አንዴ አልፈሽዋል፣ ምረቃሽን አታዘግዪ» ይሉሻል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄሽ።

መልሴን ላስቀድም፦ ድገሚው። ይሁን እንጂ ጓደኛሽ ባለችው ምክንያት አትድገሚው፤ አሁን በምትሠሪው የሥራ ሰዓት ላይ ደርበሽም አትድገሚው።

የጓደኛሽ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮርስ ሲደገም አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ ተክተው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያሰላሉ። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ማመልከቻ የሚቀበሉት አምካስ በሚባለው ማዕከል በኩል ነው፤ አምካስ ደግሞ የመጀመሪያውንም የተደገመውንም ውጤት አንድ ላይ ይቆጥራል። ኦስቲዮፓቲ የሚባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አኮማስ የሚባል ማዕከል በአንድ ወቅት የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ይወስድ ነበር፤ እሱም በፈረንጆቹ 2017 ይህን አሠራር ትቶታል። ጓደኛሽ የሰማችው ምናልባት ያን የቀረውን አሠራር ይሆናል።

በራስሽ ቁጥር እናስላው። 60 ክሬዲት፣ ጂፒኤሽ 3.30 መሆኑን ጽፈሽልኛል፤ ሲባዛ 198 ነጥብ ነው። ሲ ማይነስ በክሬዲት 1.7፣ ኤ ደግሞ 4 ነጥብ ስለሆነ ባለ 4 ክሬዲቱ ኦርጋኒክ በሲ ማይነስ የሰጠሽ 6.8 ነጥብ ነው። ደግመሽ ኤ ብታገኚ 16 ነጥብ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲሽ የሚተካ ከሆነ ትራንስክሪፕትሽ ላይ 3.45 ታያለሽ። በአምካስ ስሌት ግን 214 ነጥብ ለ64 ክሬዲት ይካፈላል፤ 3.34። የአንድ ሴሚስተር ድካም ያመጣው ለውጥ ይህ ነው። ደግመሽ ቢ ብታገኚ ደግሞ 3.28 ይሆናል፤ ማለትም ከነበርሽበት ዝቅ ትያለሽ! ብዙ ተማሪ ይህን ሳያሰላ ነው የሚመዘገበው። በዚያ ላይ ሌላ ባለ 4 ክሬዲት የሳይንስ ኮርስ ወስደሽ ኤ ብታገኚም አምካስ ላይ የምትደርሺው እዚያው 3.34 ላይ ነው። ሐሳብሽ ቁጥሩን ማሳደግ ብቻ ቢሆን ኖሮ አትድገሚው እልሽ ነበር።

ድገሚው ያልኩሽ በሌላ ምክንያት ነው። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በመግቢያ ኮርሶች ላይ ከሲ በታች የሆነ ውጤት አይቀበሉም፤ ሲ ማይነስ ደግሞ ከሲ በታች ነው። ንጹሕ ሲ ቢሆን ኖሮ ወደ ኦርጋኒክ ሁለት ቀጥለሽ እዚያ በርቺ ብዬ እመክርሽ ነበር። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ የሚቀጥሉት ኮርሶች ነገር ነው። ኦርጋኒክ ሁለት በዚህ ኮርስ ላይ ይቆማል፤ ባዮኬሚስትሪ ደግሞ በሁለቱ ላይ። ኤምካት በሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ በኬሚስትሪና ፊዚክስ ክፍል ከሚመጡት ጥያቄዎች ኦርጋኒክ 15 በመቶ ያህሉን፣ ባዮኬሚስትሪ 25 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ያልገባሽን ነገር ዘልለሽው ብትሄጂ እዚያ ይጠብቅሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሁሉንም ሪአክሽን በካርድ ጽፌ ሸምድጄው ነበር፤ ፈተናው ላይ ግን ያላየሁት ጥያቄ መጣ» ብለሻል። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አላጠናሽም ማለት አይቻልም። አገር ቤት አንደኛ ያስወጣሽ ችሎታ፣ ያነበብሽውን ሁሉ በቃል መያዝ፣ እውነተኛ ችሎታ ነው፤ አናቶሚ ላይ ይጠቅምሻል። ኦርጋኒክ የሚጠይቀው ግን ኤሌክትሮን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየትን ነው።

አንድ ምሳሌ ውሰጂ። ኤስኤን ሁለት የሚባለውን ሪአክሽን በካርድሽ ላይ ጽፈሽዋል፤ እርግጠኛ ነኝ። ኤሌክትሮን የተረፈው አጥቂ ከኋላ በኩል ይገባል፣ ለቅቆ የሚሄደው በፊት በኩል ይወጣል፣ ካርቦኑም ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ይገለበጣል። ይህን በእጅሽ ሥለሽ ካየሽው፣ በሦስት ሌሎች ካርቦኖች የታጠረ ካርቦን ላይ ሪአክሽኑ ለምን እንደማይሆን ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ከኋላ መግቢያ የለውማ። ካርዱ ላይ ይህ ሁለት የተለያየ ሽምደዳ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ካርዶቹን አስቀምጪና ባዶ ወረቀት ያዢ። መልሱን ሳታዪ የኤሌክትሮኑን ጉዞ የሚያሳዩትን ቀስቶች ሣዪ፣ እያንዳንዱ ቀስት ለምን እዚያ እንደሄደ ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። የሞለኪውል መገጣጠሚያ ዕቃም ግዢ፤ ከመጽሐፉ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። የት ላይ እንደምትደናቀፊ ስታውቂ ወረቀቱን ይዘሽ መምህሩ ተማሪ ወደሚያነጋግርበት ሰዓት ሂጂ። «አልገባኝም» ብሎ በር ማንኳኳት ለእኛ ልጆች እንደሚከብድ አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን ሰዓቱ የተመደበው ለዚሁ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽም የሚያውቅሽ መምህር ነው።

በአረጋውያን መጦሪያ በሳምንት 32 ሰዓት፣ ያውም በሌሊት ፈረቃ ትሠሪያለሽ። በዚህ ሰዓት ላይ ብትደግሚው ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው የሚሆነው። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ ያንኑ ኮርስ የደገመ አንድ ልጅ አማክሬ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ያንኑ ውጤት ይዞ ተመለሰ። እሱን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ሰዓቱን ቀንስ ብዬ አጥብቄ መናገር ነበረብኝ። ላንቺ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ኮርሱን የምትደግሚበት ሴሚስተር ሥራው ወደ ቅዳሜና እሑድ፣ ወደ 16 ሰዓት ይውረድ። ይህ በመጪው ሴሚስተር ካልተቻለ የሚቀጥለውን ጠብቂ። በክረምት በስድስት ሳምንት ተጨናንቆ የሚሰጠውን ግን አትመዝገቢ፤ ይህ ኮርስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሠራ የሚሰርጽ ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ሲ ማይነስ እንደ ማለፊያ ስለተያዘልሽ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚሸፍንልሽ አንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው፤ ያቺን ዕድል ሳትዘጋጂ አታባክኛት። መሐል ላይ አቋርጠሽ ብትወጪ ዳፋው ድጋፉ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከተመዘገብሽባቸው ክሬዲቶች ሁለት ሦስተኛውን ማጠናቀቅሽን ይከታተላሉ። በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ በሞንትጎመሪ፣ ይረክሳል ያልሽው ልክ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት የሚተኩት እዚያው እነሱ ጋ ሲደገም ብቻ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዢው።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ሥሪልኝ። ያለፈውን ሴሚስተር የፈተና ወረቀቶች አውጪና ነጥብ ያጣሽባቸውን ጥያቄዎች በሦስት ክፈያቸው፦ ጭራሽ ያልገባሽ፣ ገብቶሽ ሰዓት ያለቀብሽ፣ ደክሞሽ የተሳሳትሽው። ሦስተኛው ክምር ትልቁ ከሆነ ለአጎትሽ አሳያቸው፤ ስለ ሥራ ሰዓትሽ ከኔ ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል።

ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ ለአንድ ሴሚስተር መቀነሱ አይቀርም፤ ምረቃሽም አንድ ሴሚስተር ሊገፋ ይችላል። ይህን ከሌላ ሰው ሳይሰሙት፣ ዕቅድሽን ይዘሽ አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያቸው።