መልስ፦ የአባትህ አልትራሳውንድ ላይ «መግል ወይም እጢ» የተባለው

የአባትህ የጉበት አልትራሳውንድ ውጤት ላይ «መግል ወይም እጢ» ተብሎ ስለተጻፈው ጠይቀሃል። ምርመራውን ያነበቡት ሁለቱንም የጻፉት ግራ ገብቷቸው ላይሆን ይችላል። ጉበት ላይ መግል ገና ሲጀምር አልትራሳውንድ ላይ ድፍን ሥጋ መስሎ ይታያል። ሲቆይ ግን ውስጡ ይቀልጣል፤ ያኔ ከጉበቱ ጠቆር ያለ ክብ ይሆናል፣ ውስጡ ዝቃጭ ይታያል፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ ነጣ ይላል፣ ምክንያቱም የአልትራሳውንዱ የድምፅ ሞገድ ፈሳሽን በቀላሉ ያልፋል።

ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም አለባቸው ካልክ ወደ መግሉ ያደላል። አንድ ብቻ ሆኖ በቀኝ በኩል ከታየ አሜባም (ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄድ ጥገኛ ተሕዋስ) ይጠረጠራል፤ ሰገራ ላይ አልተገኘም ብላችሁ አትዘናጉ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ከመሮጣችሁ በፊት፦
1. እዚያው ጅማ ሕክምናውን ሳታዘገዩ አልትራሳውንዱን መቼ እንደምትደግሙ ሐኪሙን ጠይቁ።
2. ሲቲ ስካን ከታዘዘ በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ማድመቂያ) ይሁን፣ የመግሉ ዙሪያ እንደ ቀለበት ሲያበራ የሚታየው በሱ ነው። ኮንትራስቱ ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊት ስለሚታይ የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸውን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ጎረቤታችን ከጉበት መግል ድነው ወደ ቡና ለቀማ ከተመለሱ በኋላ እንኳ አልትራሳውንዱ ላይ መግሉ የነበረበት ክፍተት ይታይ ነበር፣ ቤተሰቡ «አገረሸ» ብሎ ተሸበረ። ክፍተቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳቱ ከጠፋና መብላት ከጀመሩ በምስሉ ብቻ አትደናገጡ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።