ለተደራረበ ጥርስ ሽቦ ወይስ ቬኒር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምሠራው ካዛንቺስ ነው። የታች የፊት ጥርሶቼ ተደራርበዋል። ሽቦ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል ስለተባልኩ በቬኒር ቶሎ ልገላገል አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ወደ ቬኒር አይቸኩሉ። ቬኒር የጥርስን ፊት የሚሸፍን ስስ ልባስ እንጂ ጥርስን ከቦታው የሚያንቀሳቅስ አይደለም። ከመስመር የወጣን ጥርስ ቀጥ ያለ ለማስመሰል ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ የላይ ሽፋን) በብዛት መሞረድ አለበት፤ የተሞረደ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ውስጡ ሲጋለጥ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ይጠዘጥዛል፤ ልባሱም በቀላሉ ይላቀቃል።

መጀመሪያ ድድዎ ይታይ፣ ጥርስዎ ይታጠብ፣ ራጅ ይነሡ። መደራረቡ ቀላል ከሆነ ጥርስ ሳይነቀል፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ቢበዛ 0.5 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ቦታ ይገኛል። ከዚያ በሽቦ ወይም ጥርስ ላይ በሚጠለቅና በሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ ይስተካከላል። ፕላስቲኩ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካልተደረገ ጥርሱ አይከተለውም። ምሳ ሲበሉ ያወለቁትን በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፤ አስተናጋጅ ከቆሻሻ ጋር ያነሣዋል።

ዋጋ ሲጠይቁ የተስተካከለውን ጥርስ ባለበት የሚያቆየው መያዣ መካተቱን ያረጋግጡ። የታች የፊት ጥርስ ወደ ነበረበት ለመመለስ የተመቸ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ቀጭን ሽቦ ይለጠፍበታል፣ አለዚያ ማታ ማታ የሚደረግ መያዣ ለዓመታት ያስፈልጋል።