መልስ፦ ከአዲስ አበባ ዓድዋ በእግር ለመሄድ ምን እናዘጋጅ?

አሥር ሆናችሁ ለየካቲት 23 ዓድዋ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚበቃና ምን ጫማ እንደሚሻል ጠይቀሃል። በደሴና በመቀሌ በኩል መንገዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 25 ኪሎ ሜትር 40 የጉዞ ቀን ይሆናል፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ስለሚያስፈልግ ከጥር 8 በፊት ተነሱ። አካሄዳችሁን ከመወሰናችሁ በፊት ግን በየወረዳው ያለውን ጸጥታ አጣሩ።

ብዙ ሰው የሚቀረው ድካም በዝቶበት ሳይሆን እግሩ ውኃ ቋጥሮ ነው። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትነሱ፤ ቢያንስ አንድ ወር የተለማመዳችሁበት፣ እግር ሲያብጥ የማያጠብ ይሁን። ካልሲ ሲረጥብ ወዲያው ቀይሩ። ጣርማበርን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይነቅላል፤ ጥፍር ቀድሞ ይቆረጥ፣ ክሩም ቁርጭምጭሚት ላይ ይጥበቅ።

ንጋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሱ። መኪና ከፊት እንዲታያችሁ በግራ ጠርዝ በአንድ ረድፍ ሂዱ። የትብብር ደብዳቤ ይዞ አንድ ሰው በአንድ ቀን ይቅደም፤ ማደሪያና የትምህርት ቤት ፈቃድ ካልተያዘ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎች ጋር የምታደርጉት ውይይት ይቀራል፣ የጉዞው ዋና ፍሬ ደግሞ እሱ ነው። ከዓድዋ ታሪክ ጋር የተያያዙት ውጫሌና አምባላጌ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መድቡ።