ባሌ ለእረፍት በሄድን ቁጥር ይጣላኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ጀርመን ነው። እኔ 36፣ ባለቤቴ 39 ዓመታችን ነው። የ5 ዓመት ልጅ አለችን። ዓመቱን ሙሉ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ፈረቃ ስሠራ የምከርመው ነሐሴ ላይ ለምናገኛት ሁለት ሳምንት ብዬ ነው። ማዮርካ ሄደናል፣ ሮድስ ሄደናል፣ አምና ደግሞ ቀርጤስ። በደረስን በሦስተኛው ቀን ግን መጣላታችን አይቀርም። እሱ የሆቴሉን መጋረጃ ዘግቶ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ለጃንጥላና ለመጋደሚያ ወንበር የምከፍላት 20 ዩሮ ታንገበግበዋለች። ልጃችን እጁን ይዛ ወደ ውኃው ስትጎትተው ይቆጣታል። አምና ከፒሬዎስ ወደ ቀርጤስ በሌሊት መርከብ ስንሄድ ደህና ገንዘብ ከፍለን ካቢን ይዘን ነበር፤ እሱ ግን ውጭ፣ የነፍስ አድን ጃኬት ያለበት ሳጥን አጠገብ ቆሞ አደረ። ና ተኛ ስለው ሰው ፊት ጮኸብኝ። ጓደኞቼ ሌላ ሴት ሳይዝ አይቀርም ይላሉ። እኔ ደግሞ በፈረንጆቹ 2014 በሊቢያ በኩል የመጣ ሰው ስለሆነ እንዲህ ያለ ቅንጦት አልለመደም ይሆናል እላለሁ። ዘንድሮ ማልታ አስቤያለሁ። ልተወው ወይስ ከልጄ ጋር ብቻዬን ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መናደድሽ ተገቢ ነው። ሰው ሲያነሳና ሲያስተኛ ከርሞ ወገቡ ያለቀ ሰው ሁለት ሳምንት አሸዋ ላይ ልጋደም ቢል ማንም ቅንጦት ሊለው አይገባም። ያቺን ጊዜ በኩርፊያ መጨረስ ደግሞ ያማል።

ጓደኞችሽ ያሉትን ለጊዜው ተይው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ለዚያ ጥርጣሬ የሚሆን ነገር አላገኘሁም። እኔን ያስቆመኝ በሊቢያ በኩል የመጣ ነው ብለሽ በጎን ያለፍሽው ነገር ነው። እስቲ ካርታ አውጪና እዪ። ማዮርካም፣ ሮድስም፣ ቀርጤስም ያሉት እሱ በጀልባ የተሻገረው ባህር ላይ ነው። ዘንድሮ ያሰብሻት ማልታ ደግሞ ብሳለች። ከሲሲሊ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሊቢያ ጠረፍ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሊቢያ የሚነሱ ጀልባዎች የሚያልፉት በእሷ አካባቢ ነው። (የሐዋርያት ሥራ ላይ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት መላጥያ እሷው ናት፤ ባህሩ ድሮም አመለኛ ነበር።) እሱ በተሻገረበት ዓመት ብቻ ሜዲትራንያን ላይ ከ3,000 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2013፣ ላምፔዱሳ የምትባለው የጣሊያን ደሴት ደጃፍ ላይ አንድ መርከብ ሰጥሞ 368 ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ባለቤትሽ ጀልባው ላይ ሲወጣ ይህንን ሳይሰማ አልወጣም።

አሁን የዚያን ሌሊት ጉዞ መለስ ብለሽ አስቢው። ጨለማ ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ናፍጣው ይሸታል፣ በየትም ብትዞሪ መሬት አይታይም። አንቺ ገንዘብ የተከፈለበት አልጋ ባዶውን አደረ ብለሽ ተናደድሽ፤ ባታውቂ ነው። እሱ ግን የጃኬቱን ሳጥን ከዓይኑ ማጥፋት አልፈለገም ይሆናል። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ አንቺንና ልጃችሁን ሲጠብቅ ነው ያደረው። ይህንን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ ሰውዬውን አላየሁትም፣ በደብዳቤም በሽታ አይመረመርም። ግን የጻፍሽው ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል።

ሰው ከሞት አፋፍ ከተረፈ በኋላ ያንን ቀን የሚያስታውስ ሽታ ወይም ድምፅ ሲመጣበት ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይነድዳል። ለምን እንደሆነ ለራሱም ላይገባው ይችላል። ሦስተኛው ቀን ያልሽውም የሚገርም አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሻንጣው፣ ሆቴሉ፣ መንገዱ ሰውን ይይዙታል። ሥራው ሲያልቅ የሚቀረው ቁጭ ብሎ ባህሩን ማየት ነው፣ እሱ ደግሞ ያቃተው ይኸው ነው። ስለ 20 ዩሮ መጨቃጨቅ ቀላል ነው። ውኃው ያስፈራኛል ማለት ግን፣ ወንድ ልጅ አይፈራም እየተባለ ላደገ ሰው፣ ሚስቱና ልጁ ፊት እንዴት እንደሚከብድ ታውቂዋለሽ። ልጅቷን የሚቆጣት መቼ መቼ እንደሆነ ደግሞ አስተውዪ። ወደ ውኃው ስትጠጋ ብቻ ከሆነ ድንጋጤ ነው።

ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፤ አብሮት ተነስቶ ያልደረሰ ሰው። ወይም አገር ቤት ያሉት ፎቶውን አይተው አንተ እዚያ ትዝናናለህ እኛ እዚህ... ሲሉት የሚሰማው ነገር። ብዙ የአበሻ ባልና ሚስት ለእረፍት ሄዶ ፎቶ ከመለጠፍ የሚቆጠበው በዚሁ ምክንያት ነው፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ታዲያ አናግሪው። ባህር ዳር ሳትሄዱ፣ ከጠብ መሀል ሳይሆን፣ ቤታችሁ ልጅቷ ከተኛች በኋላ። እኔ ብሆን ይህን ያህል ብቻ ነበር የምለው፦ «ያን ሌሊት መርከቡ ላይ ለምን እንዳልተኛህ አስቤበት ነበር። ከጉዞህ ጋር የሚያያዝ ከሆነ መንገር ግዴታህ አይደለም፣ ግን እኔ እንዳወቅኩ እወቅ።» ከዚያ ዝም በዪ። ስንት ሰው ሞተ፣ እንዴት ነበር፣ ምን በላችሁ እያልሽ አትመርምሪው። ከተናገረ ስሚ፤ ካልተናገረም ሰምቶሻል። ርዕሱን ቀይሮ ስለ መኪናው ኢንሹራንስ ቢያወራሽ አትናደጂ፣ በሳምንቱ ራሱ ሊመለስበት ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እጁን ይዘሽ ውኃ ውስጥ አትክተቺው፤ «ግባበትና ይለቅህ» የሚል ምክር ከሰማሽ አትስሚ። የፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ የታወቀ ሕክምና ነው፣ የሚሠራው ግን በባለሙያ፣ በልክና በሰውየው ፈቃድ ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር ውስጥ ደግሞ ይህ ሕክምና አለ። የጦርነትና የስደት ቁስል ላለበት ሰው ታሪኩን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እያስተረከ የሚያክም ዘዴ አለ፣ ያዳበሩት እዚያው ጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ናቸው። በትልልቅ ከተሞች ስደተኞችን የሚያክሙ የሥነ ልቦና ማዕከላት አሉ፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ የቤት ሐኪማችሁን አሁኑኑ ጠይቁ። በሌሊት እየጮኸ የሚነሳ ከሆነ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለሽ ግን እረፍቱ እስኪያልፍ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የእሱ ጭንቀት አንቺ ላይ ለመጮህ ፈቃድ አይሰጠውም። ይህንን ሲረጋጋ በግልጽ ንገሪው፦ ሲጨንቅህ «ልውጣ» በለኝና ውጣ፣ ሰው ፊት አትጩህብኝ። አንቺም ሁሉን ችለሽ ዝም እንድትዪ አልመክርሽም፤ ዝም ብሎ የቻለ ሰው አንድ ቀን ሳያስበው ይፈነዳል።

ወደ እረፍቱ እንምጣ። ብቻሽን ሂጂ ወይም ባህር ተዪ አልልሽም። ደሴት ማለት ዳርቻው ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ቆጵሮስ ትሮዶስ የሚባል ተራራ አላት። ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ በነሐሴ ከታችኛው ሙቀት ያስመልጣል፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሥዕል ያሸበረቁ፣ ዩኔስኮ የመዘገባቸው ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖችም አሉት። እዚያ ቤት ተከራዩ። አንቺና ልጅሽ ባሰኛችሁ ቀን ጠዋት በመኪና ወርዳችሁ ዋኝታችሁ ትመለሳላችሁ፤ እሱ ካልፈለገ ይቀራል፣ ማንም ለምን ቀረህ አይለውም። የምትሄዱት በአውሮፕላን ይሁን፣ የሌሊት መርከብ ይቅርባችሁ። እሱ ጭራሽ ባህር አልፈልግም ካለ ደግሞ ዘንድሮ እሱ ይምረጥ፣ ከርሞ አንቺ።

ማልታን በተመለከተ፣ ገንዘብ ካልከፈልሽ እሱን ሳታናግሪ አትክፈዪ። ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ሳይቀነስብሽ እስከ መቼ መሰረዝ እንደምትችዪ ዛሬውኑ እዪና ንግግራችሁን ከዚያ ቀን በፊት አድርጊው።