ሙያው ነው ወይስ እናትሽ?

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነሽ። እናትሽ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። በልጅነትሽ እቤት ብዙም አታገኚያቸውም ነበር፤ አሁን ደግሞ በየቀኑ እየደወሉ ውጤት ይጠይቁሻል። «ትምህርቱን ልተወው?» ብለሻል።

ስለ ትምህርቱ የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ እናትሽ ነው። ይሄ ለእኔ ትልቅ መረጃ ነው።

እስቲ ይህን መልሺልኝ፤ እናትሽ የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ ሕክምና ትማሪ ነበር? «አዎ» ካልሽ ችግሩ ሙያው አይደለም። «በፍጹም» ካልሽም ደግ፤ ግን ምን መሆን እንደምትፈልጊ ንገሪኝ። «ሕክምና አይሁን እንጂ ማንኛውም» ካልሽኝ እልህ ይዞሻል። እልህ ሲበርድ ደግሞ በእልህ የመረጥሽው ሥራ አብሮሽ ይኖራል።

የአልበርት አይንስታይን አባት ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆን ፈልገው ነበር። አይንስታይን አሻፈረኝ ብሎ ፊዚክስ ያዘ። የሚገርመው፣ የራሱ ልጅ ሃንስ አልበርት ምህንድስና ልማር ሲል ተቃዋሚው እሱው ሆነ! በመካከላቸው ቅሬታም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ወላጆቹ ሲለያዩ ሃንስ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበር። እሱ ግን ምህንድስናውን ተምሮ፣ ወንዝ ደለልን እንዴት እንደሚያጓጉዝ አጥንቶ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከአባቱ ጋር ተኳርፎም ቢሆን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር።

አንቺ ገና አላወቅሽም፤ ስለዚህ አትቸኩዪ። ለአንድ ዓመት አቋርጦ መመለስ ይቻል እንደሆነ ትምህርት ክፍሉን ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ሕክምና ደግሞ ቀዶ ጥገና ብቻ አይደለም። ፓቶሎጂ (በሽታን ከናሙና መመርመር) አለ፣ ራዲዮሎጂ (በራጅና በመሰል ምስሎች መመርመር) አለ፣ የኅብረተሰብ ጤና አለ። እናትሽን ከማያውቅ ሐኪም ጋር ጥቂት ቀን ዋይ። ሌላ ሙያ ካማረሽም ባለሙያዎቹን ስለ አሰልቺው ክፍል ጠይቂያቸው። ስለሚወዱት ክፍልማ ሳትጠይቂም ያወሩልሻል።

ከእናትሽ ጋር ስትነጋገሩ የትምህርቱንና የልጅነትሽን ጉዳይ አንድ ላይ አታንሺ። ውጤታማ ሰው መፍትሔ ያለውን ጥያቄ ይመርጣል፤ ስለ ትምህርቱ መፍትሔ ይደረድሩልሽና የልጅነቱ ተድበስብሶ ይቀራል። መጀመሪያ ስልኩን አስተካክዪ። «ውጤቴን በየሴሚስተሩ መጨረሻ እኔው እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ሌላ ሌላ እናውራ» በያቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይረሱታል፤ ሳትቆጪ አስታውሺያቸው። የልጅነቱን ነገር ሌላ ቀን፣ ከፈተና ወቅት ውጪ አንሺው።