የኮንሰርት ትኬት ሒሳብ፦ ለሐዋሳ ባንዶች ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ አዘጋጁ «ወይ 40,000 ብር ቁርጥ፣ ወይ ወጪ ተነስቶ ከሚተርፈው 60 በመቶ ምረጡ» አለን። አዳራሹ 600 ሰው ይይዛል፤ ትኬቱ 300 ብር ነው። የቱ ያዋጣናል? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቁርጡን ያዙ። አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላ ሽያጩ 180,000 ብር ነው። ለአዳራሽ፣ ለሳውንድ፣ ለጀነሬተር፣ ለጥበቃና ለማስታወቂያ 90,000 ይወጣል እንበል። ከቀሪው 60 በመቶ 54,000 ይመስላል፤ ብዙ ባንድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነና 300 ብሩ ታክሱን የሚጨምር ከሆነ፣ 15 በመቶው ታክስ እንዲወጣ 180,000ው መጀመሪያ ለ1.15 ይካፈላል፤ 156,522 ይሆናል። ወጪው ሲነሳ 66,522 ይተርፋል፤ 60 በመቶው 39,913 ነው። ሞልቶ እንኳ ከቁርጡ አይበልጥም! 400 ትኬት ብቻ ከተሸጠማ ድርሻችሁ 8,600 ገደማ ነው።

ትኬቱ 400 ብር ቢሆንና አዳራሹ ቢሞላ ግን ድርሻው ከ71,000 ያልፋል። ያኔ «ከቁርጡና ከድርሻው የሚበልጠው ይከፈላል» የሚል ውል ጠይቁ፤ ለዚህ ሲባል ቁርጡ ወደ 25,000 ቢወርድም አያስቆጭም። በድርሻ ስትዋዋሉ ወጪው በዝርዝር ይጻፍ፣ ጣሪያ ይኑረው፣ በደረሰኝ ይወራረድ። አለዚያ በኮንሰርቱ ማግስት ያልሰማችሁት ወጪ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስንት ትኬት እንደተሸጠ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ትኬቱ በተራ ቁጥር ይታተም፤ በር ላይ የናንተ ሰው ቆሞ ጉርዱን ይሰብስብ። ከታተመው ላይ ያልተሸጠውንና የግብዣውን ቀንሱ፤ ቀሪው በእጅና በቴሌብር ከገባው ገንዘብ ጋር መግጠም አለበት። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተገኘ አስመስሎ የታተመ ትኬት ገብቷል ማለት ነው። የግብዣ ትኬት ቀለሙ ይለይ፣ ብዛቱም በውሉ ይወሰን። ቆጠራው እዚያው ሌሊቱን ይለቅ፤ ካደረ ጉርዱም አይገኝም።

ጥያቄ፦ ቀሪውን ክፍያ «ከኮንሰርቱ በኋላ» ይሉናል።

መልስ፦ አትቀበሉ። ግማሹ ስትፈርሙ፣ ግማሹ ከሳውንድ ቼክ በኋላ፣ መድረክ ሳትወጡ። በክረምት ሐይቁ ዳር ክፍት ቦታ ከሆነ፣ ዝናብ ቢያቋርጠውም ቀብዱ እንደማይመለስ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የሌላ ድምፃዊ ዘፈን ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ። የቅጂ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት የማቅረብ መብትን ለባለቤቱ ይሰጣል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣና ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር፤ ካልሰፈረ አዘጋጁ ከድርሻችሁ ሊቀንሰው ይችላል።