«ተመሰጠረ»፦ ተቆለፈ ወይስ ተፈታ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ስልኬ መልእክቴ ‹ተመስጥሯል› ይለኛል፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው ተቆልፏል ማለቱ ነው። ቅኔ የተማሩት አባቴ ግን ‹መምህሩ ቃሉን አመሰጠሩት› ሲሉ ፈትተው አብራሩት ማለታቸው ነው። የትኛው ልክ ነው?»

አባትዎ። እኔም ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ የቆጠርነውን ቅኔ ሰምተው «በል አመስጥረው» ሲሉ፣ ወርቁን ከሰሙ ለይተህ አውጣው ማለታቸው ነበር። አፉን ዘግቶ የቆመ ተማሪ አመሰጠረ አይባልም፤ አልገባውም ነው የሚባለው። የቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ትምህርቶች የሆኑት አምስቱ አዕማደ ምስጢርም ቢሆኑ ለምእመናን ሁሉ የሚሰበኩ ናቸው፤ ረቂቅ እንጂ ድብቅ አይደሉም።

ቃሉን «ሸፈነ ከሚለው ሴማዊ ሥር የወጣ የራሳችን ነው» የሚሉ አሉ። ዓረብኛው ሰተረ ይላል፤ ዕብራይስጡም ዘመድ አለው። ፊደሉን ግን ይመልከቱ፦ የእነርሱ ተ ነው፣ የእኛ ጠ። ግእዝ ታው የተባለውን የግሪክ ፊደል ጠ፣ ቴታ የተባለውን ተ ማድረግ ይወዳል፦ ጴጥሮስ፣ ጲላጦስ፣ ማቴዎስ። ጢሞቴዎስማ ሁለቱንም በአንድ ስም ይዟል፤ ጢው ከታው፣ ቴው ከቴታ የመጣ ነው። ስለዚህ ምስጢር በታው የሚጻፈው የግሪኩ «ሚስቴሪዮን» ነው እላለሁ። («ክርስቶስስ?» የሚል አይጠፋም። እርሱ ከሕጉ ወጥቷል፤ አንድ ስም ግን ሕግ አያፈርስም።)

የግሪኩን ቃል ሥር ዓይንን ወይም አፍን ከመክደን ያመጡታል። «እንግዲያው ስልኩ ረታ» ይሉኝ ይሆናል። አልረታም፤ ይህን ሁሉ ቆፍሬ እንዲህ ማለቴ ቢያስቅም፣ ቃል በአያቱ አይፈረድበትም።

ለስልኩ እኔ «ስወራ»ን እመርጥ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ግብር የማይከፍሉ ሰዎች ቀድመው ወስደውታል፤ «መልእክት ስወራ» ቢባል ፖሊስ የሚጠራ ይመስላል። «ምስጠራ» ደግሞ ኮምፒውተር በሚያውቁት ዘንድ ሥር ሰድዷል፤ ወደድኩም ጠላሁም አይነቀልም። ቢያንስ መቆለፉን «መመስጠር»፣ መፍታቱን «ማመስጠር» ብንል በአንዲት አ ይለያዩ ነበር። ይህም ቢሆን ለጥያቄዎ አይበቃም፤ ተገብሮው ለሁለቱም ያው «ተመሰጠረ» ነውና።